ከሁመራ ገዳሪፍ በአውሮፕላን ስንት ደቂቃ ነው?

ሰሞኑን አንድ ወንድም በውስጥ መስመር ጻፈልኝ፦ «ሱዳን ውስጥ ሐምዳይት ያለ ዘመዴን ልጠይቅ አስቤ ኢንተርኔት ላይ ባይ ከሁመራ እዚያው ሱዳን ገዳሪፍ 137 ኪሎ ሜትር፣ 40 ደቂቃ በረራ ይላል። እውነት ነው?» መልሱ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ እዚሁ ጻፍኩት።

ርቀቱ እውነት ነው። አውሮፕላኑ ግን የለም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የሁለቱን ኤርፖርቶች ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስዶ በመሬት ክብ ላይ አጭሩን መስመር ያሰምራል። ያንን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር በሚበር ጄት ፍጥነት ሲያካፍለው 10 ደቂቃ ይወጣል። ለመነሻና ለማረፊያ 30 ይደምራል፤ 40 ሆነ። በረራ ይኑር አይኑር፣ በመሃል ድንበር ይለፍ አይለፍ፣ የእሱ ጉዳይ አይደለም።

በትኬት እንሂድ ካልን መንገዱ ሌላ ነው። ከሁመራ አዲስ አበባ 630 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ካርቱም 1,000፣ ከካርቱም ተመልሶ ገዳሪፍ 340። ድምሩ ወደ 1,970 ነው፤ የ137ቱ አሥራ አራት እጥፍ! ይህም በደጉ ጊዜ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈንድቶ ውጊያው ካርቱም ኤርፖርት ሲደርስ በረራው ቆሞ፣ የሱዳን የአየር በር ወደ ፖርት ሱዳን ዞረ። ከፖርት ሱዳን ገዳሪፍ ለመድረስ ደግሞ በከሰላ በኩል ረጅም የመኪና መንገድ አለ።

የሚያስቀው ደግሞ ሐምዳይት ያለችው ሁመራ አፍንጫ ሥር፣ ከተከዜ ማዶ መሆኗ ነው። ሱዳኖች ወንዙን ሰቲት ይሉታል። ቀጥታ በረራ ቢኖር እንኳ ወንድማችን ዘመዱን ገና ሽቅብ ሲወጣ አልፎት፣ ገዳሪፍ ወርዶ፣ የመጣበትን በመኪና ሊመለስ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ሐምዳይት የደረሱት በእግርና በጀልባ ነበር። ከዚያ በገዳሪፍ ግዛት ወዳለው የኡም ራኩባ መጠለያ በአውቶቡስ ሲወሰዱ መንገዱ ብዙ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል።

የዚያ አገር አፈር ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል፤ መኪና ያስኬዳል፣ አቧራው ግን አያድርስ። ክረምት ሲገባ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል፤ ትራክተር እንኳ ይይዛል። በበጋ በሰዓታት የሚያልቅ መንገድ ያን ጊዜ ቀን ይበላል።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው። ሱዳን ከጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በዚያ ላይ የእኛ አቆጣጠር አለ። ሁመራ ጠዋት 3 ሰዓት ሲል ሐምዳይት ያለ ስልክ 8 ይላል። እኔ ራሴ አንዴ ሱዳን ካለ ሰው ጋር «በ3 ሰዓት እደውላለሁ» ብዬ ቀጠሮ ይዤ፣ ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ስልኩን ቤት ጥሎ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ «በማን ሰዓት?» ሳልል ቀጠሮ አልይዝም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ 40 ደቂቃውን እርሳው። ትኬት ከመፈለግህ በፊት ለዘመድህ ደውልና ሁለት ነገር ጠይቀው፦ ድንበሩ ክፍት ነው ወይ? መንገዱስ ደርቋል?