የአደን ጠመንጃ መነጽር

የአደን ጠመንጃ መነጽር ከጠመንጃ በላይ የሚታሰር፣ በሁለቱ ጫፎቹ ሌንስ ያለው ቱቦ ሲሆን፣ ዒላማን አቅርቦና አጉልቶ ከማነጣጠሪያ መስቀል ጋር በአንድነት የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በእንግሊዝኛው አጠራር ስኮፕ ይባላል። ያለ መነጽር የሚያነጣጥር ሰው የኋላውን የብረት ማነጣጠሪያ፣ በአፈሙዙ ጫፍ ያለውን የፊት ማነጣጠሪያና ዒላማውን በአንድ መስመር ማዋል ይኖርበታል፤ የሰው ዓይን ግን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። መነጽሩ መስቀሉንና ዒላማውን በአንድ ርቀት ላይ እንዳሉ አድርጎ ስለሚያሳይ ችግሩን ያስቀራል። ስለዚህ ብዙም የማያጎላ መነጽር እንኳ ከብረት ማነጣጠሪያ ይሻላል፤ በተለይ ዕድሜው ለገፋ ሰው።

የመነጽር ዋጋ ከጥቂት አሥር ዶላሮች ተነሥቶ ብዙ ሺህ ዶላር ይደርሳል። ነጭ ጭራ አጋዘን በሰፊው በሚታደንበት በዩናይትድ ስቴትስ ርካሽ ግን አስተማማኝ የሚባሉት በአብዛኛው ከ100 እስከ 300 ዶላር የሚሸጡ ናቸው። በዚህ ዋጋ ሁሉን ነገር አሟልቶ መሥራት አይቻልም። ሁለት መነጽሮች ዋጋቸው እኩል ሆኖ አንደኛው በጣም የሚያጎላ፣ መብራት ያለውና ብዙ ማዞሪያ የተገጠመለት ከሆነ፣ ገንዘቡ ከሌላ ቦታ፣ ማለትም ከሌንሱ ጥራት ወይም ከውስጥ አካሉ ጥንካሬ ተቀንሶ ነው።

ታሪክ

በጠመንጃ ላይ መነጽር ማሰር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ቢሆንም፣ ለረጅም ጊዜ የሀብታሞችና የስመ ጥር ተኳሾች ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጥሩ የሚባሉት ከጀርመንና ከኦስትሪያ ይመጡ ነበር፤ ዋጋቸውም ከተራ ገበሬ አቅም በላይ ነበር። ይህን የለወጠው ዊልያም ዊቨር የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ በኬንታኪ ግዛት 330 የተባለውን መነጽር ሠርቶ ከነማሰሪያው በ19 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ቱቦው ቀጭን ነበር፤ የሚያጎላውም ከሦስት እጥፍ ባነሰ ነው። ቢሆንም መስቀሉ ከተስተካከለበት ቦታ ስለማይናወጥ አዳኞች ወደዱት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዊቨር ፋብሪካውን ወደ ኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ አዛወረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ለአልሞ ተኳሾቹ ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ የመረጠው ይህንኑ ለአዳኞች በሱቅ ይሸጥ የነበረ መነጽር ነው።

በዚያ ዘመን ትልቁ ችግር እርጥበት ነበር። በቱቦው ውስጥ የታመቀው አየር እርጥበት ስለሚይዝ፣ ቅዝቃዜ ሲመጣ ሌንሱ ከውስጥ በኩል ላብ ያወጣል፤ ከውስጥ ደግሞ መጥረግ አይቻልም። የሊዮፖልድ ኩባንያ ታሪክ እንደሚተርከው፣ ማርከስ ሊዮፖልድ በኦሪገን አጋዘን ሲያድን መነጽሩ በዚህ ምክንያት ጭጋግ ለብሶበት አጋዘኑ አመለጠው፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1947 ጭጋግ የማይለብስ መነጽር ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በርካሾቹም ቢሆን አየሩ ወጥቶ በምትኩ ደረቅ ናይትሮጅን ወይም አርጎን ይሞላል። ይህ ያልተደረገለትን መነጽር በማንኛውም ዋጋ መግዛት አይገባም።

ማጉላትና ብርሃን

በመነጽሩ ላይ 3-9×40 የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዒላማውን ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ እንደሚያጎላ፣ የመጨረሻው ደግሞ የፊት ሌንሱ ዲያሜትር 40 ሚሊሜትር መሆኑን ያመለክታል። በአሜሪካ ከሁሉ ይበልጥ የሚሸጠው የአደን መነጽር ይህ መጠን ነው። ብዙ ፋብሪካዎች በእሱ ስለሚፎካከሩም በአንድ ዋጋ ከሌሎች የተሻለ ጥራት የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚሁ መጠን ነው።

ጀማሪ ገዢ በአብዛኛው የሚሳሳተው ማጉላት ላይ ነው። ብዙ ማጉላት ሦስት ነገሮችን ያሳጣል። አንደኛ የሚታየው ሜዳ ስለሚጠብብ በጫካ ውስጥ የሚንቀሳቀስን እንስሳ በመነጽሩ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛ የእጅ መንቀጥቀጥ አብሮ ይጎላል። ሦስተኛውና ዋነኛው ብርሃን ነው። ከመነጽሩ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት የፊት ሌንሱ ዲያሜትር ለማጉላቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ40 ሚሊሜትር ሌንስ አራት እጥፍ ሲጎላ ክቡ 10 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ዘጠኝ እጥፍ ሲጎላ ግን ወደ 4.4 ሚሊሜትር ይወርዳል። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ድረስ ይከፈታል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ዓይን ያን ያህል አይከፈትም። እንግዲህ በድንግዝግዝ ዘጠኝ እጥፍ የሚያጎላ ሰው ምስሉን ራሱ እያጨለመው ነው።

አጋዘን ከጫካ የሚወጣው በአብዛኛው ማለዳና ማምሻ ላይ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕጉ ከፀሐይ መውጫ በፊት ካለው ግማሽ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስካለው ግማሽ ሰዓት ድረስ ማደንን ይፈቅዳል። የመነጽር ጥራት የሚለየውም በእነዚህ ደቂቃዎች ነው፤ በቀትር ፀሐይ ወይም በሱቅ መብራት ሁሉም መነጽር ጥሩ ይመስላል። ሻጩ ከፈቀደ ምሽት ላይ ከደጅ ቆሞ በጥላ ውስጥ ያለን ነገር ማየት ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል።

ብርሃንን በተመለከተ የሌንሱ ቅብም ትልቅ ድርሻ አለው። ያልተቀባ መስተዋት በእያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። መነጽር ውስጥ ብዙ ሌንሶች ስላሉ፣ አሥር ያልተቀቡ ገጾች ብቻ ቢኖሩ ለዓይን የሚደርሰው ብርሃን 66 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ብክነት የሚቀንሰውን ቅብ እ.ኤ.አ. በ1935 ያገኘው በጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኦሌክሳንደር ስማኩላ ነው። ዛሬ ሻጮች የሚጠቀሙባቸው ቃላት ተመሳሳይ ቢመስሉም ልዩነት አላቸው፤ «የተቀባ» ማለት ቢያንስ አንድ ገጽ ቅብ አለው ማለት ሲሆን፣ «ሙሉ በሙሉ በብዙ ድርብ የተቀባ» የሚለው ደግሞ አየር የሚነካው ገጽ ሁሉ ከአንድ በላይ ቅብ አለው ማለት ነው። መፈለግ ያለበት ሁለተኛው ነው። የቱቦው ውፍረት 30 ሚሊሜትር ወይም አንድ ኢንች መሆኑ ግን፣ ብዙዎች እንደሚያምኑት ሳይሆን፣ በራሱ ብርሃን አይጨምርም፤ የሚጨምረው መስቀሉ የሚስተካከልበትን ስፋት ነው።

ጥንካሬ

ጥራት ያለው ሌንስ መስቀሉ ቦታውን ካልጠበቀ ከንቱ ነው። ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር መነጽሩን ወደ ኋላ ይመታዋል። በውስጡ መስቀሉን የያዘው ትንሽ ቱቦ በቀጭን ሞላ ተደግፎ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ ሞላው ደካማ ከሆነ ከጥቂት ጥይቶች በኋላ የመምቻው ነጥብ ይሸሻል። ጉዳቱ ባዶ ቦታ ከመምታት ይከፋል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በመቶ ሜትር ላይ 15 ሴንቲሜትር የሳተ መነጽር እንስሳውን ሆዱ ላይ ያስመታዋል፤ እንስሳውም ሮጦ ጫካ ገብቶ ከሰዓታት ሥቃይ በኋላ ይሞታል። በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ለውጭ አገር አዳኞች በሚሰጠው የክፍያ አደን፣ ቆስሎ የጠፋ እንስሳ እንደተገደለ ተቆጥሮ ሙሉ ዋጋው ይከፈላል።

ጥንካሬን በዓይን ማየት ባይቻልም በተኩስ መፈተን ይቻላል። የብዙ መነጽሮች ማዞሪያ በአንድ ጠቅታ በመቶ ሜትር ላይ የመምቻውን ነጥብ 7 ሚሊሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። ፈታኙ ከተኮሰ በኋላ ማዞሪያውን 20 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ እያዞረ በየጥጉ ይተኩሳል። ጥይቶቹ አራት ማዕዘን ሠርተው የመጨረሻው በመጀመሪያው አጠገብ ካረፈ መነጽሩ ይታመናል፤ ካልሆነ ዋስትናው ሳያልፍ መመለስ ነው። ስለዚህ የዋስትናው ዓይነት የዋጋው አካል ተደርጎ መቆጠር አለበት። የማይለወጥ አራት እጥፍ ማጉላት ያለው መነጽር የሚንቀሳቀስ አካሉ ጥቂት ስለሆነ በርካሽ ዋጋ ጠንካራ አድርጎ ለመሥራት ይቀላል። ዛሬ ፋሽኑ አልፎበት ገበያው ላይ እምብዛም አይታይም፤ ያገለገለ ሆኖ ከተገኘ ግን ለጫካ አደን ብዙ ጊዜ ከአዲስ ርካሽ መነጽር ይሻላል።

ለአየር ጠመንጃ መነጽር የሚገዛ ሰው ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ድምፁ አነስተኛ ቢሆንም ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚመታ፣ ለዚያ ያልተሠራን መነጽር ቶሎ ያበላሻል።

የዓይን ርቀትና ማሰሪያ

ምስሉ ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ዓይን ከኋላ ሌንሱ መራቅ ያለበት ርቀት በአደን መነጽሮች ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ያጠረ መነጽር ኃይለኛ ጠመንጃ ላይ ከታሰረ፣ ሲተኮስ የተኳሹን ቅንድብ ይሰነጥቃል። ይህ ጠባሳ በአዳኞች ዘንድ የታወቀ ነው።

በመነጽር ላይ ከሚቀርቡ ስሞታዎች ብዙዎቹ ጥፋታቸው የማሰሪያው ነው። ለማሰሪያ ቀለበቶች ገንዘብ የቆጠበ ሰው የመነጽሩን ዋጋ ያባክናል። ብሎኖቹ ከላሉ መነጽሩ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቁ ደግሞ ቱቦው ይጨፈለቃል። ለመነጽሩ ከተመደበው ገንዘብም ጥቂቱን ለሩቅ ማያ መነጽር ማስቀረት ያስፈልጋል። በጫካ ውስጥ የተንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ በጠመንጃው መነጽር መመልከት የጎረሰ ጠመንጃ ምናልባት ሰው ላይ መደቀን ነውና።

ማስተካከል

መነጽር ከታሰረ በኋላ ጥይቱ መስቀሉ ያለበትን ቦታ እንዲመታ በተኩስ ይስተካከላል። ማስተካከያው የሚያገለግለው ለዚያ ጠመንጃና ለዚያ የጥይት ዓይነት ብቻ ነው። በመቶ ሜትር የተስተካከለ .308 ጠመንጃ በ200 ሜትር ላይ እንደ ጥይቱ ዓይነት ከ10 እስከ 13 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል፤ አዳኙ ይህን ከጉዞው በፊት በወረቀት ዒላማ ላይ ተኩሶ ማወቅ አለበት። ጠመንጃው ከወደቀ፣ በመኪና ረጅም መንገድ ከተንገላታ ወይም በአውሮፕላን ከተጫነ ማስተካከያው እንደገና ይፈተሻል። ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በቀር በዓለም በየትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን በመንግሥት ፈቃድ ለማደን ከባሕር ማዶ ወደ ባሌና አርሲ የሚመጡ አዳኞችም፣ ጠመንጃቸው በሻንጣ ተጉዟልና፣ ወደ ተራራው ከመውጣታቸው በፊት ከሰፈሩ አጠገብ ወረቀት ሰቅለው ሁለት ሦስት ጥይት ይሞክራሉ።