ከሊማሊሞ ላይና ታች ያደጉ ልጆች

ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ሽሬ የሚያመራው መንገድ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ወርዶ ድብ ባሕር ሲደርስ ጋቢ ይከብዳል። ዛሪማን አልፎ አዲ አርቃይ ሲገባ አገሩ ጭራሹን ሌላ ነው። በካርታ ላይ ቅርብ ለቅርብ የሆኑት ደባርቅና አዲ አርቃይ በከፍታ 1,500 ሜትር ያህል ይለያያሉ። አንዱ ጋ የገብስ ደጋ፣ ሌላው ጋ የወባ ቆላ።

ይህን ልዩነት የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ሁለት ጊዜ አስተናግዶታል፤ በ1969 እና በ1972 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ጂ. ኤ. ሃሪሰን ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ኢ. ጄ. ክሌግና ሌሎች ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ ከፍታ ላይ ስለሚያድጉ የኢትዮጵያ ልጆች የጻፉት ነው። ከፔሩ ተራሮች የመጣው መረጃ በከፍታ ላይ ያሉ ልጆች በዝግታ እንደሚያድጉና ጉርምስናቸውም እንደሚዘገይ ያሳይ ነበርና፣ ከስሜን ተራሮችም ያው ይጠበቅ ነበር። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። የደጋዎቹ ልጆች በአመዛኙ ከቆላዎቹ በቁመትም በክብደትም በለጡ። ምክንያት ተደርጎ የተጠቀሰው የአየሩ መሳሳት ሳይሆን ቆላው የተሸከመው ወባና ሌላው በሽታ ነበር።

ለእኔ ከዚህ አካባቢ ከወጡት ግኝቶች ሁሉ ለወላጆች ሊነገር የሚገባው ይሄኛው ነው። ልጅ የሚያድገው ሰውነቱ ለመኖር ከሚያስፈልገው በተረፈው ጉልበት ነው። በየክረምቱ ማብቂያ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ያን ትርፍ ለመከላከያ ያውለዋል፤ አጥንቱ ወረፋ ይጠብቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከመወለድ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ፆታ የሚወሰነው የወንዱ ዘር ከእንቁላሉ ጋር በተገናኘባት ቅጽበት ቢሆንም፣ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ድረስ የወንድም የሴትም ፅንስ የመራቢያ አካል መነሻው አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ዋይ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ዘረመል ሥራ ከጀመረ ያ መነሻ ወደ ወንድ የዘር ፍሬ ይለወጣል፤ የዘር ፍሬውም ቴስቶስትሮን እያመነጨ የቀረውን አካል በወንድ መልክ ይቀርጻል። ዘረመሉ ከሌለ የሴት እንቁላል ማፍሪያ ይሠራል። በእርግዝናው አጋማሽ የሴት ፅንስ ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ሕዋሳት አሏት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚቀራት 300,000 ወይም 400,000 ያህል ነው። ስለዚህ ዛሬ ዳባት ውስጥ የተወለደች ሕፃን የተገኘችበት እንቁላል የተሠራው እናቷ ገና በአያቷ ማሕፀን ሳለች ነው። የአንዲት ነፍሰ ጡር ጤንነት ሦስት ትውልድ የሚነካው በዚህ የተነሳ ነው።

በደባርቅ ከፍታ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ተራሮች በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የሕፃናት የልደት ክብደት 100 ግራም ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል። እዚህ ግን ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል የመራችው ቡድን በስሜን ብሔራዊ ፓርክ ክልል፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ በ2002 ያስነበበው ውጤት ዓለምን አስደንቋል። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ደም በከፍታው ምክንያት ሲወፍር፣ የእነዚህ ሰዎች ሄሞግሎቢንም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የራቀ አልነበረም። ፅንስ ኦክስጅን የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ ደም ብቻ መሆኑን ላሰበ፣ ይህ የአዋቂዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ደጋው የሚያጎድለው ሌላ ነገር አለ፤ አዮዲን። ዘመናት የዘለቀ ዝናብ ከተዳፋት አፈር አጥቦ ወስዶታል። እንቅርት ያለባቸው እናቶች በደጋ አገር የተለመዱ የነበሩትም ለዚህ ነው። እንቅርቱ አንገት ላይ ይታያል እንጂ ዋናው ጉዳት የሚደርሰው የማይታየው ቦታ ላይ ነው፤ ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን ስለማያመርት አንጎሉ የሚገነባው በእናቱ ሆርሞን ነው። ኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 በደንብ ደንግጋለች። አዮዲን ያለው ጨው ለአንዲት ነፍሰ ጡር የሚያደርገውን ያህል በዚህ ዋጋ የሚያደርግ ሌላ ነገር አላውቅም።

ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ብዙ ወላጅ የማይሰማው ነገር ይከሰታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወንዱ ልጅ ቴስቶስትሮን ወደ ጎረምሳ መጠን ይጠጋል፤ በሴቷም የመራቢያ ሆርሞኖች ይነሳሉ። ከዚያ አንጎል ልጓሙን ይስባል፤ ለዓመታትም ዝም ይላል። ልጓሙ ሲላላ፣ በሴት ከ8 እስከ 13፣ በወንድ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል አንድ ሆርሞን በየጊዜው በምት ምት መልቀቅ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ላይ ልጁ እንቅልፍ ላይ ሳለ ብቻ። ፒቱታሪ ዕጢ ይነቃል፤ እሱም የወንዱን የዘር ፍሬና የሴቷን እንቁላል ማፍሪያ ይቀሰቅሳል። የዚህ መነሻ ኪስፔፕቲን የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑ የታወቀው በ2003 ነው፤ ተቀባዩ የተበላሸባቸው ቤተሰቦች ልጆች ጉርምስና ሳይጀምሩ ቀርተው ነበርና። ከሰውነት ስብ የሚመነጨው ሌፕቲን ደግሞ ስንቅ እንዳለ ለአንጎል ይነግራል። ስንቁ ካነሰ ምቱ ይዘገያል።

በሰው ልጅ ላይ ዋናው ምልክት ሰጪ ስንቅና ጤና ሲሆን፣ ከደባርቅ በላይ ሳንቃበር አካባቢ ያሉት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌላም ምልክት ያነባሉ። ከ2006 ጀምሮ ተመራማሪዎች መንጎቹን እየተከተሉ ሆርሞኖቻቸውን ከኩሳቸው ይለካሉ። አዲስ ወንድ የቀድሞውን አባርሮ መንጋውን ሲይዝ፣ ካረገዙት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ በሳምንታት ውስጥ ፅንሳቸው እንደሚቋረጥ በ2012 ይፋ ሆነ። በ2021 የወጣው ጥናት ደግሞ አዲስ ወንድ ሲመጣ ታዳጊ ሴቶች ለአቅመ መውለድ የመድረስ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳየ፤ ገና ሕፃን በሆኑት ላይ እንኳ ኤስትሮጅን ይነሳል። ይህን ወደ ሰው ልጅ ቀጥታ መመንዘር ስሕተት ነው። የጉርምስና ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ምልክት ጭምር እንደሚወሰን ግን ከእነሱ የበለጠ የሚያሳይ ፍጥረት ጥቂት ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለ ጉርምስና መጀመሪያ ነው። በአገራችን የሚያሳስበኝ መጨረሻው ነው። የሴት ልጅ ጉርምስና የሚጀምረው በጡት ማጎጥጎጥ ነው፤ ቁመቷ በፍጥነት የሚጨምረው ከዚያ ቀጥሎ ሲሆን፣ የወር አበባ የሚመጣው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ የቁመቱ ግስጋሴ ከረገበ በኋላ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን የወር አበባ «ደረሰች» ብሎ ይቆጥረዋል። ሰውነቷ ግን አልጨረሰም። ከዚያ በኋላም አምስት፣ ስድስት ሴንቲሜትር ትረዝማለች፤ የመጀመሪያዎቹ የወር አበባዎች ብዙ ጊዜ እንቁላል ሳይለቀቅ የሚመጡ ናቸው፤ ከሁሉም የሚዘገየው ደግሞ ሕፃን የሚያልፍበት የዳሌ አጥንት ነው፤ ቁመት ከቆመ በኋላም ለዓመታት ይሰፋል። ዳሌዋ ሳይሰፋ ያረገዘች ልጅ ምጧ ቀናት ሲወስድ፣ የሕፃኑ ጭንቅላት የፊኛዋን ግድግዳ ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ደም ያሳጣዋል። ሥጋው ይሞታል፤ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስበት፣ ፊስቱላ የተባለ ቀዳዳ ይቀራል። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት፣ በኋላም በባሕር ዳር ማዕከል የተቋቋመው ለእነዚህ ሴቶች ነው።

የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ2000 ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አድርጎታል። በሁለቱ ሕጎች መካከል ያሉት ሦስት ዓመታት የዳሌ አጥንት ገና የሚሰፋባቸው ዓመታት ናቸው።