የባሕር ዓሣን በመስተዋት ገንዳ ስለ ማኖር

በአርሲ ነገሌ ወረዳ ላንጋኖና ሻላ የሚባሉ ሐይቆች ይቀራረባሉ። በላንጋኖ ቆሮሶና አምባዛ ይጠመዳሉ፤ በሻላ ግን ውሃው ሶዳ ስለ በዛበት ዓሣ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ የባሕር ዓሣ በቤቱ ሊያኖር የሚወድ ሰው ሁሉ፥ ከመልክ አስቀድሞ ውሃውን ይመርምር፤ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ያስፈልጋል። ቀጥሎ ጠባይን ይመልከት። የቀይ ባሕሩ አንበሳ ዓሣ ታናናሾቹን ይውጣል፤ ከቢራቢሮ ዓሦችም ብዙዎቹ ኮራል ይበላሉ። ኮራልም ድንጋይ ቢመስል ሕይወት ያለው ፍጥረት ነውና ጎረቤቱን ይነድፋል፤ አራርቆ ማኖር ይገባል። በሰፊው ባሕር ደካማው ሸሽቶ ይድናል፤ በጠባብ ገንዳ ግን መሸሻ የለውምና ጠቡ ሞት ይሆናል። ስለዚህ ለታናሽ ገንዳ ሁለት ክላውን ዓሦችና ጥቂት ለስላሳ ኮራል ይበቃሉ ብለን እንመክራለን።