አሥር ዓመት የፈጀው በግማሽ ሰዓት

በጀርመን ቱቢንገን ከተማ፣ በማክስ ፕላንክ ተቋም የሚሠሩት ባዮሎጂስት አንድሬ ሉፓስና ባልደረቦቻቸው የአንድ ፕሮቲን ቅርፅ አሥር ዓመት ያህል አልፈታ ብሏቸው ነበር። ያልሞከሩት ዘዴ አልነበረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) «ቡድን 427» በሚል መለያ ብቻ የሚታወቅ አንድ የፕሮቲን ቅርፅ ትንበያ ውድድር ተሳታፊ የላከውን የኮምፒውተር ሞዴል ከላብራቶሪ መረጃቸው ጋር ሲያገናኙት መልሱ በግማሽ ሰዓት ተገኘ። ከመለያው ጀርባ የነበረው የጉግሉ ዲፕማይንድ ነው፤ ሞዴሉን የሠራው ደግሞ አልፋፎልድ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሙ።

የግማሽ ሰዓቱ ክብደት የሚገባው የድሮውን ድካም ለሚያውቅ ሰው ነው። ፕሮቲን አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ተጣጥፎ የሚይዘው ቅርፅ የፕሮቲኑን ሥራ ይወስናል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚይዘውም እንዲሁ። ቅርፁ ግን በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። በዋነኛው ዘዴ ፕሮቲኑን አምርቶ፣ አጣርቶ፣ ክሪስታል እስኪሆን ጠብቆ፣ ኤክስሬይ አሳልፎበት፣ ከተበተነው ጨረር ተነስቶ ቅርፁን ማስላት ያስፈልጋል። ማክስ ፔሩትዝ ኬምብሪጅ ውስጥ የሂሞግሎቢንን ቅርፅ ማጥናት የጀመረው በ1937 ነው፤ ያገኘው በ1959። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ቢሻሻልም በዚህ ዘዴ ክሪስታሉ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ለብዙ የዶክትሬት ተማሪዎች የአንድ ፕሮቲን ቅርፅ ሙሉ የመመረቂያ ሥራ ነበር፤ አንዳንዴም ሳይሳካ የቀረ ሥራ።

በ2022 ዲፕማይንድ ከአውሮፓ የባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም ጋር ሆኖ ከ200 ሚሊዮን በላይ የተተነበዩ ቅርፆችን ለማንም በነጻ ለቀቀ። ከሀብታም ላብራቶሪ ርቆ ለሚሠራ ጀማሪ ተመራማሪ ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጨው ሲንክሮትሮን የተባለ ግዙፍ መሣሪያ በአፍሪካ ምድር አንድም የለም። ዛሬ ግን ጅማ ወይም ጎንደር ያለች የማስተርስ ተማሪ፣ ኔትወርኩ እሺ ካላት፣ የወባ ጥገኛ ተሕዋስን ወይም የቲቢ ባክቴሪያን አንድ ፕሮቲን ስም ጽፋ ቅርፁን ወዲያው ታየዋለች።

የሥራው መሪ ጆን ጃምፐር ራሱ ብዙም ያልቆየ ተመራማሪ ነበር። ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘው በ2017 ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች፣ ከዴሚስ ሃሳቢስና ከዴቪድ ቤከር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

አልፋፎልድ ግን ይህን ሁሉ ከባዶ አልተማረም። የሠለጠነው በ1971 በተቋቋመው የፕሮቲን ዳታ ባንክ ውስጥ በተጠራቀሙ 170 ሺህ ገደማ ቅርፆች ነው። ከእነዚያ አብዛኞቹ በስተጀርባ አንድ ክሪስታል ሲጠብቅ ያመሸ ተማሪ ወይም ጀማሪ ተመራማሪ አለ። ሽልማቱ ሲሰጥ የእነዚያ ሰዎች ስም አለመነሳቱ የሚገርም አይደለም፤ ያለ እነሱ ግን ፕሮግራሙ የሚማርበት አንድም ነገር አልነበረውም።

አሁን ጥያቄው የተማሪው ሥራ ወዴት ሄደ የሚለው ነው። መልሱ ከአልፋፎልድ ስክሪን ላይ ይታያል። የሚመጣው ምስል ባለ ቀለም ነው፦ ፕሮግራሙ በጣም የሚተማመንበት ክፍል ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ያለው ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቢጫ፣ የማይተማመንበት ደግሞ ብርቱካናማ። ከመቶ ከ50 በታች ያገኘው ብርቱካናማው ክር ብዙ ጊዜ በሥዕሉ ዙሪያ ተንጠልጥሎ ይዞራል። ያ ክፍል ምናልባት በተፈጥሮው ቋሚ ቅርፅ የሌለው ነው፤ ምናልባትም ፕሮግራሙ አላወቀውም። ሰማያዊውም ቢሆን አንድ የቆመ ምስል ነው፤ ፕሮቲን ግን በሕዋስ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። አንዲት አሚኖ አሲድ ስትቀየር የሚመጣውን ለውጥም ፕሮግራሙ በአስተማማኝ አይናገርም። ስለዚህ የላብራቶሪ ሥራ አልቀረም፤ መነሻው ተለወጠ እንጂ። ድሮ ተማሪው ቅርፁን ይፈልግ ነበር፤ አሁን የተሰጠው ቅርፅ የት ላይ እንደሚታመንና የት ላይ እንደማይታመን ይፈትሻል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መጠራጠርን የሚያስተምረው ያ የከሸፈ ክሪስታል ነበር። መረጃ እንዴት እንደሚያሳስት ተማሪው የሚያውቀው ራሱ ተሳስቶ፣ አማካሪው ደብተሩን ገልጦ «ይሄን ከየት አመጣኸው?» ሲለው ነው። ማሽኑ የወሰደው አሰልቺውን ሥራ ነው ይባላል፤ ከአሰልቺው ሥራ መሃል ግን ትምህርት ቤቱም ነበረበት።

አልፋፎልድ ቢያንስ ዳኛ ነበረው። የተወዳደረበት መድረክ ከ1994 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ሲሆን፣ ለተወዳዳሪዎች የሚሰጠው በላብራቶሪ ቅርፁ የታወቀ ወይም ሊታወቅ የተቃረበ፣ ግን ገና ያልታተመ ፕሮቲን ነው። መልሱ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ ማስመሰል አይቻልም። ሉፓስም ከዳኞቹ አንዱ ነበሩ።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ጽሑፍ አመንጪዎች ወደ ምርምር ሲገቡ እንዲህ ያለ ዳኛ አልጠበቃቸውም። በ2024 መጀመሪያ አንድ የሳይንስ ጆርናል ያሳተመው ጽሑፍ መግቢያው የጀመረው ማሽኑ ለጠያቂው በሚመልስበት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «እነሆ ለርዕስዎ የሚሆን መግቢያ» እንደ ማለት። ደራሲዎቹ፣ ገምጋሚዎቹና አርታኢው ሁሉ አልፈውታል። በዚያው ሰሞን ሌላ ጆርናል በማሽን የተሣለ፣ ትርጉም የሌላቸው ቃላት የተለጠፉበትና ብልቱ ከአካሉ በላይ የገዘፈ የአይጥ ሥዕል አትሞ በቀናት ውስጥ ጽሑፉን ሰረዘ። እነዚህ የሚያስቁት ናቸው። የማያስቀው በትክክለኛ የደራሲ ስምና በትክክለኛ የጆርናል ስም የሚቀርበው፣ ግን ጨርሶ ያልተጻፈው ዋቢ ነው። ለማጣራት ፈልጎ ማየት ያስፈልጋል፤ ፈልጎ የሚያየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቡድኑ በዕድሜም በሥልጣንም ትንሹ ነው።

ታዲያ ለምን ይጠቀሙበታል? በስንፍና ብቻ አይደለም። በ2023 የታተመ፣ ከስምንት አገሮች የተውጣጡ 908 የአካባቢ ሳይንስ ተመራማሪዎችን የጠየቀ ጥናት እንዳሳየው፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ተመራማሪዎች በቋንቋ ምክንያት ጽሑፋቸው የመመለሱ ዕድል ከሌሎቹ በሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቴሲሱን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ የኢትዮጵያ ተማሪ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። ዓረፍተ ነገሩን የሚያስተካክልለት ማሽን ሲያገኝ፣ ገንዘብ ላለው ድሮም በአርታኢ ይሠራለት የነበረውን አገልግሎት ነው ያገኘው። ማሽኑ ቋንቋ ሲያርምና ማሽኑ በተማሪው ፋንታ ሲያስብ ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ጆርናሎችም ባብዛኛው መስመሩን እዚያ አስምረዋል፦ ማሽን ደራሲ ሊሆን አይችልም፣ የተጠቀመ ግን ይግለጽ።

መግለጹ የሚጠቅመው አንባቢው ካመነው ነው። ብዙ መምህራን ያመኑት ግን በማሽን የተጻፈን ይለያሉ የተባሉ ሶፍትዌሮችን ነው። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባቱን ፈተኑ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና ራሳቸው የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች አቀረቡላቸው፤ ሶፍትዌሮቹ በአማካይ 61 በመቶውን «ማሽን ጻፈው» አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሶፍትዌሮቹ የሚጠረጥሩት ተራና ተገማች የቃል አመራረጥን ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰውም በሚያውቃቸው ቃላት ይጽፋል። ከዚያ ተመራማሪዎቹ እነዚያኑ ድርሰቶች ቻትጂፒቲ ቃላታቸውን እንዲያበለጽግ አዘዙት። በማሽኑ እጅ አልፈው ሲመለሱ፣ በማሽን ተጻፉ የተባሉት ወደ 12 በመቶ ገደማ ወረዱ።