ከ55 የታራንቱላ ስሞች የተረፉት 15 ናቸው

አዲስ የሸረሪት ዝርያ ተገኘ የሚል ዜና ስንሰማ የሚታየን ጫካ ውስጥ ድንጋይ ገልብጦ «አገኘኋት!» የሚል ተመራማሪ ነው። እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይርቃል። ሸረሪቷ ከተያዘች ቆይታለች፤ የተያዘችበት ቦታና ቀን ከተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ጋር ሙዚየም መደርደሪያ ላይ፣ አልኮል በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ ዓመታት አሳልፋለች። በቀዬዋ የሚኖሩ ሰዎችም ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩዋት ኖረዋል። የጎደለው ውሳኔ ነው። ይህች ሸረሪት እስከ ዛሬ ስም ከወጣላቸው ሁሉ የተለየች ናት ወይስ ከእነሱው አንዷ? የግኝቱ ከባድ ሥራ ይህን ጥያቄ መመለስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንዳንዴም ከአዲስ ስም ይልቅ ትልቁ ግኝት ያለቦታው የተሰጠን ስም መሰረዝ ነው።

የሸረሪቶች ሳይንሳዊ ስም የሚቆጠረው ስዊድናዊው ካርል ክሌርክ እ.ኤ.አ. በ1757 ካሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ ነው። የሌሎቹ እንስሳት ስም ከተፈጥሮ ተመራማሪው ከሊኔየስ የ1758 መጽሐፍ ሲነሣ፣ ለሸረሪቶች ብቻ የአንድ ዓመት ብልጫ ተፈቅዶላቸዋል። በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘው የዓለም የሸረሪቶች መዝገብ በ2022 ሃምሳ ሺኛውን ዝርያ አሰፈረ፤ እሷም በደቡብ ብራዚልና በአጎራባች አገሮች የምትኖር ዘላይ ሸረሪት ናት። እዚህ ለመድረስ 265 ዓመት ፈጅቷል። የመዝገቡ ባለሙያዎች ገና ያልተመዘገቡት ቢያንስ የዚህን ያህል እንደሚሆኑ ይገምታሉ። ይህን ያህል ስም የያዘ መዝገብ ስህተት ቢገባበት የሚገርም አይደለም፤ ጥያቄው ስህተቱን የሚያርመው ማን ነው የሚለው ነው።

ታራንቱላ የሚባሉት ትልልቅና ጠጉራም ሸረሪቶች ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። የዩናይትድ ስቴትስ ተወላጅ ታራንቱላዎች ሁሉ አፎኖፔልማ ከሚባል አንድ ወገን ናቸው፤ ለእነሱም በጊዜ ብዛት 55 የዝርያ ስሞች ወጥተውላቸው ነበር። ተመራማሪዎቹ ክሪስ ሃሚልተን፣ ብሬንት ሄንድሪክሰንና ጄሰን ቦንድ ወደ 3,000 የሚጠጉ ናሙናዎችን ከአሥር ዓመት በላይ ሲመረምሩ ቆይተው በ2016 ውጤቱን ሲያወጡ፣ በአገሪቱ ያሉት 29 ዝርያዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። ከ29ኙ 14ቱ ደግሞ ከዚያ በፊት ስም ያልነበራቸው ናቸው። ስለዚህ ከ55ቱ ነባር ስሞች ጸንተው የቀሩት 15 ናቸው። ከወደቁት አብዛኞቹ ቀድሞውኑ ስም ለነበረው ሸረሪት በድጋሚ የወጡ ነበሩ። ጋዜጦች ከሁሉ አብልጠው ያወሩት ግን በካሊፎርኒያ ፎልሶም እስር ቤት አቅራቢያ ስለሚገኘው ዝርያ ነው። ወንዶቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ጥቁር ስለሚሆኑ፣ ስለዚያ እስር ቤት በዘፈነውና ጥቁር በመልበስ በሚታወቀው በጆኒ ካሽ ስም ተጠርቷል። ስሙ ደስ ይላል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ዜና የ40ዎቹ ስሞች መውደቅ ነው።

ስህተቱ ከቸልተኝነት የመጣ አይመስለኝም። አንዲት ታራንቱላን ቀረብ ብለን እንያት። ቆዳዋን በለወጠች ማግስት ጠቆር ያለችና ጠጉሯ የሞላ ናት፤ ቀጣዩ ለውጥ ሲቃረብ ትወይባለች። ጠላት ሲመጣባት የሆዷን ጠጉር በኋላ እግሮቿ እያራገፈች ስለምትበትንበት ጀርባዋ ይመለጣል። አልኮል ውስጥ ስትከርም ደግሞ ቀለሟ ይለቅቃል። በመልክ ብቻ ሁለት ዝርያ ብሎ መፈረጅ፣ አንድን ሰው ጸጉሩን ሳይቆረጥና ተቆርጦ አይቶ ሁለት ሰው ነው እንደማለት ነው። በአብዛኞቹ ሸረሪቶች የመራቢያ አካላቸው ቅርጽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዝርያን ከዝርያ ይለያል፤ በታራንቱላዎች ግን ቅርጹ ቀላል ስለሆነ ብዙ አይናገርም። ዲኤንኤ አይበቃም ወይ? እሱም ብቻውን ያሳስታል። ሴቷ ታራንቱላ ዕድሜዋን በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ስለምታሳልፍ፣ በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰው ዘረመል ከኮረብታ ኮረብታ ይለያያል፤ እሱን ብቻ ያመነ ሰው ለየኮረብታው አንድ ዝርያ ሊያወጣ ነው። ሦስቱ ተመራማሪዎች ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሱ በርካታ የዘረመል ክፍሎችን፣ የአካል ልኬትንና የመኖሪያ ካርታን አንድ ላይ አዩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ለዚህ ሥራ ቃል በቃል ይሆናል።

እንግዲህ ስም እንዲህ የሚነሣና የሚወድቅ ከሆነ ምደባው የግለሰብ አስተያየት ነው የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ መልሱም ያው ብልቃጥ ውስጥ አለ። አዲስ ስም የሚያወጣ ሁሉ ስሙ የታሰረበትን አንድ ናሙና ለይቶ ማስቀመጥ አለበት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ያንኑ አውጥቶ ሊሞግተው ይችላል። በአውስትራሊያ የሆነው ይኸው ነው። በመርዛማነቱ የሚፈራው የሲድኒ ፈነልዌብ ሸረሪት አንድ ዝርያ ተደርጎ ሲታሰብ ኖሮ፣ በ2025 የወጣ ጥናት ሦስት መሆኑን አሳየ። ከሦስቱ አንዱ በ1914 ስም ወጥቶለት የነበረና በኋላ የተሰረዘ ነው፤ ማስረጃው ሲገኝ ስሙ ተመለሰለት። አስተያየት ብቻ ቢሆን ኖሮ የተሰረዘ ስም በማስረጃ አይመለስም ነበር። ሰው ስንት ችግር እያለበት ሸረሪት መቁጠር ምን ይጠቅማል ለሚለውም መልሱ ከዚሁ አይርቅም። የፈነልዌቡ ሸረሪት የመርዝ ማርከሻ ከ1981 ጀምሮ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በእሱ ንክሻ የሞተ ሰው አልተመዘገበም፤ ማርከሻው የሚሠራው ከራሱ ከሸረሪቱ በሚወሰድ መርዝ ነው። ያለው ማርከሻ ለሦስቱም እንደሚሠራ ተነግሯል፤ የየአንዳንዳቸውን መርዝ ለይቶ ማጥናት የሚቻለው ግን ማን ማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ስም ማውጣት ለአዳኞች ማስታወቂያ ይሆናል የሚለው። በታይላንድ ፋንግ ንጋ ግዛት፣ በማንግሮቭ ደን የተገኘችው ደማቅ ሰማያዊ ታራንቱላ በ2023 በሳይንስ ተሰየመች። ሰማያዊነቷ ከቀለም የመጣ አይደለም፤ ጠጉሯ ላይ ያሉ እጅግ ረቂቅ ቅርጾች ብርሃኑን ሰማያዊ አድርገው ስለሚመልሱት ነው። እንዲህ ያለ ውበት ገዢ አያጣም። ነገር ግን ሳይንስ ከመድረሱ በፊት በታራንቱላ ገበያ ላይ በንግድ ስም ትታወቅ ነበር፤ ነጋዴው ቀድሞ ደርሷል። ስለዚህ ስሙን መደበቅ ሸረሪቷን አያድናትም። መደበቅ ያለበት ትክክለኛው ጉድጓዷ ያለበት ቦታ ነው። ጥበቃ የሚያውጅ ሕግ በዝርዝሩ ላይ የሚያሰፍረው ስም ነውና፣ ስሙ ይውጣ።

በአሜሪካ ከተሰየሙት 14 ዝርያዎች አንዳንዶቹ የሚኖሩት በአሪዞና በረሃ መካከል እንደ ደሴት ብቅ ባሉ ተራሮች ደን ውስጥ ነው። አካባቢው እየሞቀ ሲሄድ ወደ ላይ ይሸሹ ይሆናል፤ ከጫፉ በላይ ግን መሸሻ የለም። ካታሊና የተባለችው የምትታወቀው ስሟን ባገኘችበት በሳንታ ካታሊና ተራሮች ብቻ ነው። እስከ 2016 ድረስ በየትኛውም ዝርዝር ላይ አልነበረችም።