የሕፃኑ ድርሻ ከማዕዱ ላይ

እንጀራ ከመሶብ ሳይጠፋ ሕፃን ልጅ ሲቀጭጭ የሚታየው ስለ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ነገሩ ስለ ድርቅና ስለ ረኀብ መስሎት ያልፈዋል። ዛሬ ልናመለክት የፈለግነው ግን በጥጋብ ዓመትም የማይለቀንን፣ ድምፅ የሌለውን የምግብ ጉድለት ነው።

በ1992 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 58 ያህሉ ቀንጭረው ተገኝተው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ይኸው ቁጥር ወደ 37 ወረደ። መሻሻሉ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ልጆች በዓይነቱ የተሟላ ምግብ ያገኙት ከመቶው 14 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ጧትም ማታም ያንኑ እህል ይጎርሳሉ ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ መንግሥታት ካበጁት መሣሪያ አንዱ አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ ነው። በፈረንጆች ዘመን በ1995 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ሊቃውንት በቆጵሮስ ዋና ከተማ በኒኮሲያ ተሰብስበው፣ ምክሩ በቪታሚንና በፕሮቲን ስም ሳይሆን ሕዝቡ በሚያውቀው በምግቡ ስም እንዲነገር ተስማሙ። ከአፍሪካ አገሮች ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያ፣ ኬንያና ሌሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። የቤኒኖች አሳብ በተለይ ደስ ያሰኛል፤ የምግቡን ወገን ሁሉ በአገራቸው ክብ ጎጆ ሥዕል ላይ አሳይተውታል። የኛም መመሪያ በ2014 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በየቀኑ ከልዩ ልዩ ወገን እንድንመገብ ይመክራል።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል፣ ኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው፣ ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕዶ ፋፋን አስገኝቷል። የባልትና ዐዋቂዎቹ እናቶቻችንም ሳይማሩት የሠሩት ነገር አለ። ጤፍም ሆነ ስንዴ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ባቄላ፣ ሽንብራና ምስር ግን አላቸው። ስለዚህ ሽሮ በእንጀራ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እርሾውም ቢሆን በእህሉ ውስጥ የተያዘውን የብረት ንጥረ ነገር ለሰውነት ይለቃል። ከምግብ በላይ ወዲያው የምንጠጣው ቡናና ሻይ ግን ያንኑ ብረት መልሶ ይሻማናል፤ (ይህን በቡና አገር መጻፍ ድፍረት ነው!)

የሚያስቸግረው ዕንቁላሉና ወተቱ ነው። አንዱ ምክንያት ዋጋው ነው። ደሞዙ ለጤፍና ለዘይት ብቻ የማይበቃውን ቤተ ሰብ «ዕንቁላል ጨምሩ» ብሎ መምከር ቀልድ ይመስላል። ገበሬውም ዶሮዋ የጣለችውን ገበያ ወስዶ ጨው ይገዛበታል እንጂ ለልጁ አይቀቅለውም።

ሁለተኛው ምክንያት በአደባባይ እምብዛም አይነሣም። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት በጾም አታስገድድም። ነገር ግን ቤተ ሰቡ ሲጾም፣ በጾሙ ወራት ለአንድ ሕፃን ተብሎ ወተት የሚፈላበት፣ ዕንቁላል የሚጠበስበት ቤት ጥቂት ነው። እናቲቱ ድስቱ ይነካካብኛል፣ ጾሜም ይፈርሳል ብላ ትፈራለች። በዓመቱ ውስጥ ያለው የጾም ቀን ደግሞ ከ180 በላይ ነው፤ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ይህ የዕድሜው እኩሌታ መሆኑ ነው። ይህን ፍርሃት የሚያነሣላት የታተመው መመሪያ አይመስለኝም። የጤና ሠራተኛዋ ብትነግራት ሰምታ ዝም ትላለች፤ የንስሐ አባቷ «ለልጁ ለይተሽ ሥሪለት፣ ድስቱን አጥበሽ አስቀምጪው» ቢሏት ግን በማግሥቱ ትሠራለች። መመሪያው በየደብሩም ቢታደል ምን ይከለክላል?