መቆሚያውን ማን ይለካዋል?

ሕፃን ሲወለድ የዳሌው ጎድጓዳ ገና ጥልቀት የለውም። የጭኑ አጥንት ራስ የሚቀመጥበት ያ ስፍራ ቅርጹን የሚይዘው ልጁ ድኾ፣ ተነሥቶ፣ ክብደቱን በእግሩ ላይ ሲጥል ነው። በወሊድ ጊዜ አየር ያጠረው፣ ማጅራት ገትር ወይም አንጎል ድረስ የዘለቀ ወባ የጎዳው ልጅ ይህን ዕድል ሊያጣ ይችላል። ጡንቻው ይገተራል፣ ጭኖቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ ዳሌውም ቀስ በቀስ ከቦታው ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት እንዲህ ያለው የአንጎል ጉዳት፣ ማለትም ሴሬብራል ፓልሲ፣ ካለባቸው ልጆች ከመቶ 35ቱ ዳሌያቸው መንሸራተቱን አሳይቷል። ጉዳታቸው ከሁሉ በከበደባቸው ልጆች ዘንድ ቁጥሩ ከመቶ 90 ነበር።

መቆሚያ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ልጆች ነው። ዕቃው ውስብስብ አይደለም፦ የእግር መርገጫ፣ ጉልበትን፣ ዳሌንና ደረትን የሚይዙ ማሰሪያዎች፣ ከፊት ደግሞ እጅ የሚያርፍበት ጠረጴዛ። አንገቱን መያዝ የሚችል ልጅ በደረቱ ወደ ፊት ይደገፋል፣ የማይችለው በጀርባው ይጋደማል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በሳምንት አምስት ቀን መቆምን ይመክራል፦ ለአጥንት ጥንካሬ በቀን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ ለዳሌ ደግሞ እግርን ከፍቶ 60 ደቂቃ። ይህ ተአምር አይደለም። የወጣ ዳሌ በመቆሚያ ብቻ አይመለስም፣ ማስረጃውም በሁሉም ነጥብ እኩል አይጠነክርም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ቅድሚያ ይሰጣቸው ካላቸው 50 የድጋፍ መሣሪያዎች መካከል የሚስተካከል መቆሚያን አስገብቶታል።

አሁን ይህን ዝርዝር ይዞ ዱስ መውረድ ነው።

ዱስ በኦሞ ወንዝ ዳር ያለ የካራ ብሔረሰብ መንደር ነው። ካራዎች በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 1,500 እንኳ አልሞሉም። የአካል ድጋፍ መሣሪያ ፈላጊ ቤተሰብ ከዚያ ተነሥቶ በቱርሚና በዲመካ በኩል ቀይ አፈር ይወጣል፣ ወይጦን ተሻግሮ፣ ኮንሶን አልፎ አርባ ምንጭ ይገባል። በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደገፍ የቆየው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ያለው እዚያ ነው። የጂንካ ከተማ ሆስፒታልም ዩኒቨርሲቲም አላት፤ ለዱስ ሰው ግን እሷም ብትሆን ቅርብ አይደለችም። በዝናብ ወቅት መንገዱን ውሃ ሲቆርጠው ደግሞ የርቀቱ ነገር ባይነሣ ይሻላል።

ጂንካ በካራ ልጆች ታሪክ ሌላም ስፍራ አላት። የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ፣ መንታ ሆኖ የተወለደ ወይም አስቀድሞ መፈጸም የነበረበት ባህላዊ ሥርዓት ሳይፈጸም የተፀነሰ ልጅ «ሚንጊ» ይባል ነበር፤ መጨረሻውም ሞት ነበር። ጉዳዩ ከአካል ጉዳት ጋር አንድ አይደለም። ካራዎች ልማዱን ያስቀሩት በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዚያው ማኅበረሰብ ልጅ ላሌ ላቡኮ ለዚህ ብዙ ደክሟል። ከሞት የተረፉት ሕፃናት ያደጉት ግን ከመንደራቸው ርቀው ጂንካ ባለ ቤት ውስጥ ነው። ለሚንጊ ሌላ ምርጫ አልነበረም። መቆም ላልቻለ ልጅ ግን ያንኑ መንገድ መድገም ስሕተት ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን የሚደረግ ነገር እናትና እኅት ባሉበት ካልሆነ አይዘልቅም።

ከውጭ በርዳታ የሚመጣው ባለ ፓምፕ የብረት መቆሚያ እዚህ ብዙም አይረዳም። ጎማው አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፣ ቁመቱ ዝቅ ባለው የጎጆ ደጃፍ አይገባም፣ ፓምፑ ሲበላሽ መለዋወጫ የለም። በዚምባብዌ መምህሩ ቤቪል ፓከር ያስፋፋው ዘዴ ካርቶንና ወረቀት በሙጫ እየደራረበ ጠንካራ መቀመጫና መቆሚያ ይሠራል። ብልሃቱ ይደነቃል፤ ምስጥ በበዛበት ቆላ ግን ያሳስባል። ምስጥ ቶሎ የማይበላው ጠንካራ እንጨት ይሻላል። ሰፊ መሠረት ያለው፣ መርገጫው በተደረደሩ ቀዳዳዎች ከፍና ዝቅ የሚል መቆሚያ፣ ልኩን የሚነግረው ካገኘ የጂንካ አናጺ የማይሠራው ነገር አይደለም። በጥላ ሥር ይቆማል፣ ማታ ይነሣል።

ችግሩ ልኩ ላይ ነው። ልጅ ያድጋል። ዘንድሮ ጉልበቱን የያዘው ማሰሪያ ከርሞ ቅልጥሙን ይጫነዋል፤ ተረከዙ ካልረገጠ ክብደቱ ወደ ማሰሪያው ይዞራል፣ ቆዳ ይቆስላል። ቤተሰቡም ልጁ ሲያለቅስ አይቶ ዕቃውን ልብስ ማስጫ ቢያደርገው አይፈረድበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቁስሉን ልታይ፣ ማሰሪያውን ልታላላ ትችላለች። የዳሌውን ሁኔታ ማየትና እግሩ ምን ያህል ይከፈት ብሎ መወሰን ግን የፊዚዮቴራፒስት ሥራ ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 20 የመንቀሳቀሻ መሣሪያ በሚቻል ዋጋ እንዲገኝ ይጠይቃል። መርገጫውን አንድ ቀዳዳ ዝቅ ለማድረግ የሚያስፈልገው መፍቻና ጥቂት ደቂቃ ነው። ለዚያ ግን አንድ ባለሙያ ከጂንካ ወይም ከአርባ ምንጭ ዱስ ድረስ መውረድ አለበት። የአካል ተሃድሶ ማዕከላት ለረጅም ዘመን የተዳደሩት በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች ሥር ነው፣ ሆስፒታሎቹ ደግሞ በጤና ቢሮ። የመኪናው ነዳጅ ከየትኛው በጀት ይቀዳል የሚለውን ሁለቱ ወገኖች ቁጭ ብለው ሊነጋገሩበት ይገባል።